ኮሞዶር 64 ላይ ፖንግ እየሠራሁ ነው፤ ኳሷ የቀኙን ራኬት ሰንጥቃ ታልፋለች

ጉለሌ64 | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያናደደኝን ነገር ይዤ መጥቻለሁ። ላፕቶፔ ላይ ቫይስ የሚባለውን፣ የ1980ዎቹን ኮምፒውተር ኮሞዶር 64ን የሚያስመስል ኢምዩሌተር ጭኜ ቤዚክ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ፖንግን (ኳስ በሁለት ራኬት መሀል የምትመላለስበትን የድሮ ጨዋታ) እየሠራሁ ነው። ለምን አትበሉኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ዌብሳይት ስጠግን እውላለሁ። ማታ ማታ ደግሞ ከላይ እስከ ታች የማውቀው፣ የራሴ የሆነ ነገር ልሥራ ብዬ ነው።

ኳሷ ስፕራይት 0 ናት፤ ስፕራይት ማለት ስክሪኑ ላይ ብቻውን የሚንቀሳቀስ ትንሽ ሥዕል ነው። የግራው ራኬት 1፣ የቀኙ 2። መነካካታቸውን የማውቀው 53278 የሚባለውን የማስታወሻ አድራሻ ፒክ በሚለው ትዕዛዝ እያነበብኩ ነው። የግራው ራኬት አንድም ኳስ አያሳልፍም። የቀኙ ግን ወንፊት ነው። አንዳንዴ ይመልሳል፣ ብዙውን ጊዜ ኳሷ ሰንጥቃው ትሄዳለች። ኮዱ ያው ነው፣ ቁጥሩ ብቻ ይለያል፦

200 ኢፍ ፒክ(53278) ኤንድ 2 ዜን ዲኤክስ=-ዲኤክስ
210 ኢፍ ፒክ(53278) ኤንድ 4 ዜን ዲኤክስ=-ዲኤክስ

(ስልክ ላይ ስለሆንኩ ትዕዛዞቹን በእኛው ፊደል ጻፍኳቸው፣ ይቅርታ። 2 የግራው ራኬት ምልክት ነው፣ 4 የቀኙ። ዲኤክስ የኳሷ የጎን እርምጃ ነው፣ ምልክቱ ሲገለበጥ ኳሷ ትመለሳለች።)

ሌላም ችግር አለ፤ ራኬቱ በኪቦርድ ሲንቀሳቀስ ይንገጫገጫል፣ ጨዋታውም ቀርፋፋ ነው። ግን መጀመሪያ የቀኙን ንገሩኝ። እንቅልፍ ነስቶኛል።

ፈጣን_ጣት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡31

የታወቀ ነው። ኳስህ በአንድ እርምጃ ብዙ ፒክስል ትዘላለች። ራኬቱ ቀጭን ነው። አሁን ከፊቱ ናት፣ ቀጥሎ ከኋላው። መሀል ላይ አልነበረችም። ፍጥነቷን ቀንስ።

ጉለሌ64 | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡52

ቀንሼ አየሁት፣ ያው ነው። ደግሞ ፍጥነቷ ቢሆን ኖሮ የግራውም ያሳልፍ ነበር እኮ።

ሸጋ_ቢት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡15

ወንድሜ፣ ቀኙን ራኬት አትውቀሰው። ጥፋቱ የመስመር 200 ነው።

53278 እንደ ተራ የማስታወሻ ቦታ አይደለም። ሥዕል የሚያወጣው ቪክ ቺፕ ሁለት ስፕራይት ሲነካኩ እዚያ ይመዘግባል፣ አንተ ስታነበው ደግሞ ወዲያው ያጠፋዋል። አንዴ ብቻ ነው የሚነበበው። በር ላይ እንደተለጠፈ ወረቀት አስበው፤ መጀመሪያ የመጣው ሰው አንብቦ ቀዶት ይሄዳል።

አንተ መስመር 200 ላይ «የግራው ተነክቷል?» ብለህ ትጠይቃለህ። መዝገቡ «የለም፣ የቀኙ ነው» ይላል፣ ይጠፋል። መስመር 210 ሲደርስ ባዶ ነው። አንዳንዴ የሚሠራው ለምንድን ነው? ቺፑ ስክሪኑን በሰከንድ 50 ወይም 60 ጊዜ ይሥላል፣ በሣለ ቁጥርም ግጭቱን እንደገና ይመዘግባል። በሁለቱ ንባቦችህ መሀል ኳሷ ያለችበትን ቦታ ሥሎ ካለፈ እድለኛ ነህ።

መፍትሔው አንዴ አንብቦ መያዝ ነው፦

200 ሲ=ፒክ(53278)
210 ኢፍ ሲ ኤንድ 2 ዜን ዲኤክስ=ኤቢኤስ(ዲኤክስ)
220 ኢፍ ሲ ኤንድ 4 ዜን ዲኤክስ=-ኤቢኤስ(ዲኤክስ)

ኤቢኤስ (የቁጥሩን የመቀነስ ምልክት የሚያጠፋውን) ያስገባሁት ሌላ ነገር ስላየሁ ነው። አሁን ባለው ኮድህ ኳሷ ራኬቱ ውስጥ ትንሽ ከቆየች ምልክቱ በየዙሩ ይገለበጣል። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ። እዚያው ተጣብቃ ትንቀጠቀጣለች። ኤቢኤስ ካለ ግን የግራው ራኬት ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ነው የሚልክ፣ የቀኙ ሁልጊዜ ወደ ግራ።

ጉለሌ64 | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡28

ሠራ!!! እህቴ እጅሽ ይባረክ። መንቀጥቀጡም ነበር፣ ሳልነግርሽ ነው ያወቅሽው። ለካ ጥያቄ መጠየቅ ራሱ መልሱን ያጠፋል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡05

እኔ እዚህ ሜሪላንድ ከአንድ ጋራዥ ሴል ላይ እውነተኛውን ማሽን ገዝቻለሁ። ኮድህን መክተቤ ነው። አንድ ጥያቄ፦ ሜዳህ ለምን ወደ ግራ ተጠጋ? ከስክሪኑ ቀኝ በኩል ባዶ ነው።

ጉለሌ64 | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡40

አታስነሳብኝ። ኤክስ ከ255 ሲያልፍ «ኢሊጋል ኳንቲቲ ኤረር» ብሎ ስለሚቆም ሜዳውን እዚያው አጠርኩት። አጥር ማለት መፍትሔ አይደለም፣ አውቃለሁ።

ሸጋ_ቢት | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡30

አንድ ባይት 255 ላይ ያበቃል፣ ስክሪኑ ግን 320 ፒክስል ነው። ትርፉ 53264 ላይ ነው ያለው። ለእያንዳንዱ ስፕራይት አንድ ቢት አለ። ቢቱን 1 ስታደርገው «256 ደምርበት» ማለት ነው። የቀኙ ራኬት ወደ ጎን ስለማይሄድ አንዴ አድርገህለት ትረሳዋለህ። ኳሷ ላይ ነው ሥራው፤ 255ን ባለፈችና በተመለሰች ቁጥር ቢቷ መቀየር አለበት። ከረሳኸው ኳሷ ቀኝ ላይ ጠፍታ ግራ ላይ ብቅ ትላለች። እኔ መጀመሪያ ሳየው ሆን ብዬ የሠራሁት መስሎኝ ተደስቼ ነበር።

ፍጥነትን በተመለከተ፦ ዋናውን ሉፕ (የሚደጋገመውን ክፍል) ወደ ፕሮግራሙ መጀመሪያ አምጣው። ቤዚኩ ወደ ኋላ ጎቱ (ወደዚያ መስመር ሂድ) ባልከው ቁጥር መስመሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ስፕራይት መሣልና ቀለም መምረጥ የመሳሰለውን ሁሉ መስመር 1000 ላይ ጣለው፣ አንዴ ሂድና ተመለስ። ደግሞ የቪክ ቺፕ አድራሻዎች መነሻ የሆነውን 53248ን በየመስመሩ አትጻፍ። በደረሰበት ቁጥር አሃዝ በአሃዝ ወደ ቁጥር ይቀይረዋል። ቪ=53248 በል፣ ከዚያ ቪን ተጠቀም። ከሁሉም አስቀድመህ የምታስተዋውቃቸው ቫሪያብሎች ቶሎ የሚገኙት ናቸው፣ የኳሷን ቦታ ቀድመህ አስተዋውቅ።

በፐርሰንት ምልክት የሚጻፈው ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ይፈጥናል ብለህ እንዳትሸወድ። እዚህ ማሽን ላይ ወደ ዴሲማል ቀይሮ ነው የሚያሰላው። ይብሳል።

ሽቦ_አጣማሪ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡20

ስለ ኮዱ እኅታችን ጨርሳዋለች። እኔ ስለ መንገጫገጩ ልናገር።

ፖንግ በኪቦርድ አይጫወቱትም። ኪቦርድ ወይ ተጭነሃል ወይ አልተጫንክም ነው። ይሄ ጨዋታ የተፈጠረው ለሚዞር ነገር ነው። እጅህን ትንሽ ካዞርክ ራኬቱ ትንሽ ይሄዳል፣ ብዙ ካዞርክ ብዙ፣ ቶሎ ካዞርክ ቶሎ። ያን ካላገኘህ ሁለት ዱላና አንድ ነጥብ ነው ያለህ።

ያ የሚዞር ነገር ፓድል ይባላል፤ ውስጡ ሌላ ምንም አይደለም፣ የሬዲዮ ቮልዩም ነው። አንድ ቮልዩም፣ አንድ መጫኛ ቁልፍ፣ ሽቦ። ማሽኑ በቮልዩሙ በኩል ኤሌክትሪክ የምታጠራቅም አንዲት ካፓሲተር ይሞላል፣ እስክትሞላ ምን ያህል እንደፈጀ ይቆጥራል። ቶሎ ከሞላች ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ከዘገየች ትልቅ ነው። ኮሞዶር 64 ላይ ይሄን የሚቆጥረው የሚገርመው የድምፅ ቺፑ ነው። 54297ና 54298ን አንብብ፣ ከ0 እስከ 255 ይሰጥሃል።

ቤትህ አርዱዊኖ (ፕሮግራም የሚጻፍለት ትንሽ ቦርድ) ካለ ለኢምዩሌተሩም መሥራት ይቻላል። የቮልዩሙን ሁለት ዳር እግሮች 5 ቮልትና ግራውንድ ላይ፣ መሀለኛውን አናሎግ መግቢያ ላይ። ቦርዱ ራሱን ማውዝ ነኝ ብሎ ለላፕቶፑ ያስተዋውቃል፣ ቫይስ ደግሞ ማውዝን እንደ ፓድል ይቀበላል። ልብ በል፣ ኡኖ የሚባለው ቦርድ ብቻውን ማውዝ መሆን አይችልም። ሌኦናርዶ ወይም ፕሮ ማይክሮ ያስፈልግሃል።

ፈጣን_ጣት | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡44

«ፓድል» ቃሉ መቅዘፊያ ማለት ነው አይደል? ራኬት እንበል ወይስ መቅዘፊያ? 😂

ሽቦ_አጣማሪ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡50

ስክሪኑ ላይ ያለው ራኬት፣ እጅህ ላይ ያለው ማዞሪያ። ጣና ላይ ስንሄድ መቅዘፊያ እንላለን።

ጉለሌ64 | ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡35

ሪፖርት። አባቴ ያስቀመጠው የሞተ ሬዲዮ ነበር። ከፈትኩት። ቮልዩሙን ነቅዬ ከጓደኛዬ በተዋስኩት ሌኦናርዶ ላይ ገጠምኩት። ሣጥኑ የሻይ ቅጠል ካርቶን ነው፣ አትሳቁ።

ይሠራል ግን ያብዳል። ከመጀመሪያው እስከ ግማሽ ሳዞረው ራኬቱ እንደ ኤሊ ነው። ከግማሽ በኋላ ትንሽ ስነካው ከታች ተነስቶ ጣሪያ ይመታል። ደግሞ እጄን ሳነሣም ዝም ብሎ አይቆምም፣ ብርድ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል።

ሽቦ_አጣማሪ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 3፡00

ቮልዩሙ ጤነኛ ነው፤ ለዚህ ሥራ የተሠራ ስላልሆነ ነው። የሬዲዮ ድምፅ ማዞሪያ ሆን ተብሎ እኩል እንዳይሄድ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ጆሯችን ድምፅን የሚሰማው እንደዚያ ስለሆነ። ጀርባውን አገላብጠህ እየው። «ኤ» የሚል ፊደል ካለበት የድምፅ ነው። አንተ የምትፈልገው «ቢ» የሚለውን ነው፣ እሱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ይሄዳል። 10 ኪሎ ኦም ይበቃሃል። መርካቶ ሄደህ «ሊኒየር» በል፣ ካልገባቸው ቢዋን አሳያቸው።

መንቀጥቀጡ ውስጡ ያለው ካርቦን ላይ አቧራ ስላለ ነው። ሃምሳ ጊዜ ከዳር ዳር አሽከርክረው፣ ብዙውን ይጠርገዋል። የቀረውን በኮድ ጨርሰው። አዲሱን ንባብ እንዳለ አትውሰድ፣ ከአሮጌው ጋር ደምረህ ለሁለት አካፍል። ራኬቱ ትንሽ ይከብዳል። እኔ በበኩሌ ያቺ ትንሽ ክብደት ታስደስተኛለች።

ሲልቨር_ስፕሪንግ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 5፡10

እኔ ከማሽኑ ጋር የመጣ፣ አታሪ የሚባለው የጨዋታ ኩባንያ የሠራው ማዞሪያ ነው ያለኝ። ሶኬቱ ልክ ነው። ግን ማዞሪያውን ግማሽ ድረስ ሳዞር ራኬቱ ሜዳውን ይጨርሳል። የቀረው ግማሽ ዙር ባዶ ነው።

ሽቦ_አጣማሪ | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 2፡15

የአታሪው 1 ሜጋ ኦም (1000 ኪሎ ኦም) ነው፣ ኮሞዶር የራሱን በ470 ኪሎ ኦም ነው የሠራው። ስለዚህ ግማሽ ላይ ቆጠራው ይሞላል። ተጫወትበት፣ ምንም አይሆንም። እጅ በሁለት ቀን ይለምደዋል።

አንድ_ኪሎባይት | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8፡40

ልጆች፣ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። 64 ኪሎባይት ይዛችሁ ሜዳው ጠበበ፣ ጨዋታው ዘገየ ስትሉ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

እኔ በ1982 እንግሊዝ አገር ተማሪ ነበርኩ። ዜድኤክስ 81 የሚባል የቤት ኮምፒውተር ገዛሁ። ተገጣጥሞ 69.95 ፓውንድ ነበር፣ ራስህ ብትገጥመው 49.95። ማስታወሻው 1 ኪሎባይት ነው። 1024 ባይት። ከዚያ ላይ 125ቱን ማሽኑ ለራሱ ይወስዳል። ስክሪኑ ሙሉ ከተጻፈበት ደግሞ 793 ባይት ይበላል። ቀንሱና ለጨዋታው የሚተርፈውን እዩት።

ስለዚህ ስክሪኑን ሙሉ አንጽፍበትም ነበር። ያ ማሽን ማስታወሻው ትንሽ ሲሆን ባዶ መስመር አንድ ባይት ብቻ ነው የሚይዘው። በጻፍክበት ልክ ይሰፋል። የኔ ሜዳ ግራ ጥግ ላይ የተወተፈች ጠባብ ነገር ነበረች። ሁለት ተጫዋች አይታሰብም። ኳስ፣ ግድግዳ፣ አንድ ራኬት፣ በ5ና በ8 ቁልፍ። ድምፅ የለም፣ ማሽኑ ድምፅ ማውጫ አልነበረውም።

ቁጥር መጻፍ ራሱ ቅንጦት ነበር። ፕሮግራም ውስጥ 0 ብለህ ስትጽፍ ከጀርባው የማይታዩ 6 ባይቶች ይከተሉታል፣ በጠቅላላ 7። ስለዚህ በ0 ፈንታ «ኖት ፓይ» እንጽፍ ነበር። ፓይ ዜሮ ስላልሆነ ኖት ሲባል ዜሮ ይሆናል፤ 2 ባይት ብቻ። ለ1 «ኤስጂኤን ፓይ» (ቁጥሩ ከዜሮ ከበለጠ 1 ነው የሚሰጥ)። ኮዴን ያየ ሰው ጂኦሜትሪ የምሠራ ይመስለው ነበር።

የማስቀምጠው በካሴት ነው። አንድ ማታ ባዶ ካሴት አጥቼ ከአገር ቤት የተላከልኝ የዘፈን ካሴት ላይ ደርቤ ቀዳሁበት። ጨዋታው ተመልሶ አልጫነም። ዘፈኑም ጠፋ።

ሸጋ_ቢት | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9፡02

ጋሼ፣ ኖት ፓይን ዛሬ ነው የሰማሁት። እንደርስዎ ያለ ሰው እዚህ ዝም ብሎ እያነበበ ነበር?! ሁለት ተጫዋች በዚያ ማሽን ቢሞክሩት ፍጥነቱ እንዴት ይሆን ነበር?

አንድ_ኪሎባይት | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9፡30

አይሆንም ነበር ልጄ። «ስሎው» በሚባለው ሁኔታ ላይ ሲሆን ፕሮሰሰሩ አብዛኛውን ጊዜውን የሚያጠፋው ሥዕሉን ቴሌቪዥኑ ላይ በማሳየት ነው። ለጨዋታው የሚተርፈው ፍርፋሪ ነው። «ፋስት» ካልከው ያስባል ግን ስክሪኑ ይጠፋል። ዓይኑን ጨፍኖ ሜዳ የሚሮጥ ማለት ነው።

ጉለሌ64 | እሑድ፣ ከቀኑ 10፡00

ቢ ቮልዩም ገዛሁ። ጋሽ ሽቦ፣ ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። አሁን ታናሽ ወንድሜም አልነሣ አለ።

ግን ጨዋታው ይሰለቻል። ኳሷ በ45 ዲግሪ ሄዳ በ45 ትመለሳለች። የት እንደምትመጣ ቀድሜ አውቃለሁ። በየምቱ አንግሉን በራንደም ልቀይረው?

ፈጣን_ጣት | እሑድ፣ ከቀኑ 10፡12

አዎ፣ አርኤንዲ አስገባበት፣ አለቀ።

ሸጋ_ቢት | እሑድ፣ ከቀኑ 11፡20

አታስገባበት! ራንደም ካደረግከው የተሸነፈው ሰው ማሽኑን ይረግማል። ራኬቱ ላይ የት እንዳገኛት ይወስን። ያኔ ሲሸነፍ ራሱን ነው የሚረግም፣ «አንዴ ብቻ» ብሎም ይደግማል።

በ1972 አለን አልኮርን ፖንግን ለአታሪ ሲሠራ ያደረገው ይሄንኑ ነው። ከአታሪ መሥራቾች አንዱ ኖላን ቡሽኔል ለመለማመጃ ብሎ ነበር የሰጠው። አልኮርን ራኬቱን ለ8 ከፈለው። መሀል ካገኘሃት ቀጥ ብላ ትሄዳለች፣ ጫፍ ካገኘሃት ሹል ብላ ትወረወራለች። ደግሞ ምቱ በበዛ ቁጥር ኳሷ ትፈጥናለች። ይሄ ሁሉ አንድ መስመር ኮድ ሳይጻፍ ነው፣ ማሽኑ ውስጥ ፕሮሰሰር አልነበረም። ተራ የሎጂክ ቺፖች ብቻ። ራኬቶቹ ስክሪኑ ጣሪያ ድረስ አይደርሱም ነበር። ጉድለት ነበር፣ ግን እንዳለ ተወው። አለበለዚያ ሁለት ጎበዝ ሰዎች ከገጠሙ ጨዋታው አያልቅም።

አንተ ስፕራይት ስላለህ ይቀልሃል። ስፕራይት ቁመቱ 21 መስመር ነው። 21 ለ3 ሲካፈል 7። ከኳሷ መሀል የራኬቱን አናት ቀንስ፣ ለ3 አካፍል፣ ኢንት አድርገው (ከነጥብ በኋላ ያለውን ጣል)፣ 3 ቀንስበት። ከ-3 እስከ 3 ታገኛለህ። እሱን ዲዋይ (የኳሷን ወደ ላይና ወደ ታች እርምጃ) አድርገው። ጫፍ ላይ ካለፈ 3 ላይ ያዘው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡30

ፖንግ እኮ የመጀመሪያው አይደለም፣ ማግናቮክስ ኦዲሲ የሚባለው የቤት ጨዋታ ማሽን ነው። የፈጠረው ራልፍ ቤር ነው።

ሸጋ_ቢት | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡41

ከሱም በፊት በ1958 ሂጊንቦታም የሚባል የፊዚክስ ሰው አሜሪካ ብሩክሄቨን ላቦራቶሪ ውስጥ በኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ሞገድ በሚያሳይ መሣሪያ) ቴኒስ አጫውቷል። የመጀመሪያው ማነው የሚለውን ለሌላ ክር እንተወው፣ ማለቂያ የለውም። እኔን የሚገርመኝ ከአፕል መሥራቾች አንዱ ዎዝኒያክ ነው። ለአታሪ ብሬክአውትን (በኳስና በራኬት ጡብ የሚፈርስበትን ጨዋታ) ከቺፕ ከገጣጠመ በኋላ በ1977 በወጣው አፕል 2 ላይ ያንኑ ጨዋታ በቤዚክ መጻፍ ፈለገ። ቤዚኩን ራሱ ነው የጻፈው። ቀለሙ፣ ድምፁ፣ የማዞሪያው መግቢያ ማሽኑ ውስጥ የገቡት ለዚህ ጨዋታ ብሎ እንደሆነ በራሱ አፍ ተናግሯል። ማዞሪያውን የሚያነብ የቤዚክ ትዕዛዝ ሳይቀር አለው። እኛ ኮምፒውተር አለን ብለን ጨዋታ እንሠራለን፣ እሱ ለጨዋታው ብሎ ኮምፒውተሩን አስተካከለ።

ጉለሌ64 | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

ሰባቷ ክፍል ገባች። ትናንት ማታ ከወንድሜ ጋር ከሁለት ሰዓት በላይ ተጫወትን። እስከ 11 ነው የምንቆጥረው። ሁልጊዜ በራኬቱ የታች ጫፍ ነው የሚመታብኝ፣ አጥንቶኛል። 10 ለ10 ላይ መብራት ሄደ። ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ ግን ጭለማ ውስጥ የሻይ ቅጠሉን ካርቶን ረግጦ ሽቦውን በጠሰው። ሆን ብሎ ነው እላለሁ፣ አይደለም ይላል።

ሙሉውን ኮድ ከታች አያይዣለሁ። 58 መስመር ነው። ጋሼ ኪሎባይት፣ እርስዎም ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል።

አንድ_ኪሎባይት | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12፡50

አየሁት። መስመር 430 ላይ ከዜን በኋላ ባዶ ቦታ አለ። አጥፋት፣ አንድ ባይት ናት።

ጉለሌ64 | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ጋሼ፣ ከ30 ሺህ በላይ ባይት ገና አለኝ እኮ።

አንድ_ኪሎባይት | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡18

አጥፋት። 510 ላይም ሁለት አሉ።